ቀልቧ የከዳት ሚዛን

መጽሐፉ ሁለት መቶ አርባ ገጽ ነበረው፤ ልጅቷ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ገጽ አሥራ ሰባት ላይ ተተክላ ቀረች። ነገሩ ከብዷት አይደለም። «የበሰለ ቀይ የደም ሴል ኒውክለስ የለውም» ነው የሚለው፤ ሌላ ምንም አይልም። አንድ ጊዜ አነበበችው። ደገመችው። አራት ነጥቡ ጋ ደርሳ ቀና ስትል የሆነ ነገር የሆነ ነገር እንደሌለው ታስታውሳለች፤ ማን ምን እንደሌለው ግን ብን ብሎ ጠፍቷል። እንደገና ከላይ ትጀምራለች። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። በስምንተኛው መጽሐፉን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችውና፣ «ኒውክለስ የሌለኝስ እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸች።

እናቷ ከወዲያኛው ክፍል የስፌት መኪናዋን አቆመች። «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ከመጽሐፉ ጋር ነው፣ እማዬ።»

«መለሰልሽ?»

«እሱማ ይመልሳል። የማልሰማው እኔ ነኝ።»

ይህች ልጅ በሰፈሩ የምትጠራው ሚዛን እየተባለች ነው። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ ሚዛን ያላት ባለሱቁ ነው። በሰባት ዓመቷ ስኳር ግዢ ተብላ ስትላክ፣ ባንኮኒው ላይ በሁለት እጇ ተንጠልጥላ የሚዛኑ መርፌ ላይ ታፈጣለች። ሰውየው ስኳሩን ሊያነሣ ሲል፣ «ጋሼ፣ ገና አልቆመም እኮ!» ትላለች። መርፌው እስኪረጋ ከቦታዋ ንቅንቅ የለም። ባለሱቁ መጀመሪያ ተናደደ፤ ሲውል ሲያድር ሳቀ፤ በመጨረሻ ሚዛን ብሎ ሰየማት፤ ያው ስም ጸንቶ ቀረ። አድጋም እንደዚያው ነበረች። አንድ ነገር ከያዘች ሰማይ ቢደፋ ቀና አትልም። የሕክምና ላብራቶሪ ልትማር ስትገባ ማንም አልገረመውም፤ እዚያ ሥራው ዓይንን አንድ ቦታ ተክሎ መቁጠር ነውና።

ታዲያ ሁለተኛ ዓመቷን እንደጀመረች ድብርት ያዛት። «ምን ነካት?» ያላለ የለም፤ መልሱን ያገኘም የለም። ሰው አልሞተባትም፤ ፈተና አልወደቀችም፤ ፍቅረኛ አልከዳትም፤ ቀድሞ ነገር የሚከዳ ፍቅረኛ አልነበራትም። እንዲያው አንድ ጠዋት ከአልጋ መነሣት ተራራ መግፋት ሆነባት። በሁለተኛው ሳምንት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ መዋል ጀመረች። በሁለተኛው ወር እንደ ሕፃን ገላዋን የምታጥባት እናቷ ሆነች። ያኔ ታላቅ ወንድሟ፣ አፉ እንጂ ልቡ ክፉ ያልሆነው ወንድሟ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ መኪና ውስጥ አስገባትና ሐኪም ቤት አደረሳት።

ሐኪሙ የድብርት ኪኒን አዘዘላት። ወዲያው አልሠራም። በስድስተኛው ሳምንት ግን ወንድሟ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ፣ ቁልፎቹን ወደ ውስጥ እየፈለገ ሲራገም አየችውና ሳቀች። የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለ። እናቷ በሩ ላይ መጥታ፣ «ምን አልሽ?» አለች።

«ምንም አላልኩም። ሳቅሁ።»

እናቷ ተመልሳ ሄደች፤ የስፌት መኪናው ግን እስኪቀጥል ድረስ ብዙ ቆየ።

ያን ዓመት አቋረጠች፤ በተከታዩ ዓመት ሁለተኛ ዓመትን እንደ አዲስ ጀመረች። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። እንባው ሄዶላታል፤ ምግብ ይበላላታል፤ ሌሊቱን ትተኛለች። ቀልቧ ግን አብሯት አልተመለሰም።

ሌላ ነገር እያሰበች ቢሆን ኖሮ ባላስገረመ። ሰው ሲያጠና ሐሳቡ ወደ ምሳ ይሄዳል፣ ወደ ወሬ ይሄዳል፤ ሲሄድም የት እንደሄደ ያውቃል። የሷ የትም አይሄድም። በቃ መብራት እንደጠፋበት ክፍል ጭር ይላል። ሻይ ልትጥድ ወጥ ቤት ትገባና ብረት ድስቱን ይዛ ትቆማለች። ስልኳን ስትፈልግ ውላ ከዳቦው ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ ታገኘዋለች። አንድ ቀን እናቷ ክር አምጪልኝ ብትላት ሄዳ መቀስ አመጣች፤ መቀሱን መልሳ ክሩን ልታመጣ ሄዳ ባዶ እጇን ተመለሰች፤ በሦስተኛው እናቷ ራሷ ተነሣች።

ቤት ውስጡስ ቤት ነው፤ የባሰው ላብራቶሪው ነበር። የላብራቶሪው መምህርት ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ጋዋናቸው ከአንገት እስከ ጉልበት የተቆለፈ፣ ድምፃቸው ኮሪደሩን አልፎ የሚሰማ ሴት ናቸው። «አንድ ጠብታ አልኩ! ሁለት ከሆነ ጠብታዎች ይባላል!» ስለሚሉ ተማሪው እመት ጠብታ ብሎ ሰይሟቸዋል። እሳቸውም ያውቃሉ፤ እንደማያውቁ ሆነው ያልፋሉ።

በዚያ ወቅት የሚማሩት የነጭ የደም ሴል ቆጠራ ነበር። ደሙ ስላይድ በሚባል መስታወት ላይ በስሱ ይቀባል፤ ቀለም ይነከራል፤ ከዚያ በማይክሮስኮፕ መቶ ነጭ ሴል ይቆጠርና እያንዳንዱ ከአምስቱ ዓይነት የትኛው እንደሆነ ይለያል። መቁጠሪያዋ አምስት ቁልፍ ያላት ትንሽ መሣሪያ ናት። ዓይን ከማይክሮስኮፑ ሳይነሣ ጣት ይጫናል፤ መቶ ሲሞላ ደወሏ ይመታል። ሌሎቹ «ቅጭል» አለች ይላሉ። ሚዛን ጆሮ ውስጥ ግን፣ የጎረቤቷ መቁጠሪያ በመታ ቁጥር፣ ጥርት ብሎ «ቂል» ነበር የሚለው።

ምክንያቱም እሷ መቶ አትደርስም። ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ከዚያ ያ ጭርታ ይመጣና፣ ስትነቃ አንዱ ሴል ላይ አፍጥጣለች። ይሄንን ቆጥሬዋለሁ ወይስ አልቆጠርኩትም? ጣቴ ተጭኗል ወይስ ሊጫን ነበር? አታውቅም። የማያውቁትን ቁጥር ደግሞ ቆጠርኩ ማለት ውሸት ነው። ወደ ዜሮ ትመልሳታለች። ጓደኞቿ ሦስት ስላይድ ጨርሰው እጃቸውን ሲታጠቡ እሷ ከመጀመሪያው ስላይድ ጋር ግብ ግብ ላይ ናት።

ምክር ግን ሞልቷል፤ ምክር እንደሆነ ማንም አይሰስትም። አክስቷ በስልክ፣ «ስፖርት ሥሪ» አለቻት። ጎረቤቷ ስልክሽን ጣይው አለች፤ ይሄንንም ያለቻት በስልክ ደውላ ነው። አንዱ የክፍል ጓደኛዋ ሙዚቃ ከፍተሽ አጥኚ፣ ሌላው ከሙዚቃ ራቂ። ከሁሉም ያንገበገባት ግን ወንድሟ ነበር። ሥራው መኪና መንዳት ማስተማር ነው፤ ቀኑን ሙሉ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ላይ ሲጮህ ስለሚውል ምሽት ላይ እንኳ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ይረሳል።

«ልብ በዪ ነው የምልሽ! ለተማሪዎቼም የምላቸው ይሄንኑ ነው። ዓይን መንገዱ ላይ፣ እጅ መሪው ላይ!»

«ወንድም ጋሼ፣ ዓይኔም እዚያው ነው፤ እጄም እዚያው ነው።»

«ታዲያ ምን ጎደለሽ?»

«ሹፌሩ!»

ወንድሟ ሾርባውን ጠጣ።

ለሐኪሙ ልንገረው ብላ በቀጠሮዋ ቀን ሄደች። ኮሪደሩ ላይ አንዱ እግሩ ያጠረ አግዳሚ ወንበር አለ፤ አንድ ሰው በተነሣ ቁጥር ሌላው ሁሉ ወዲያ ያጋድላል። እዚያ ላይ ሁለት ሰዓት ስታጋድል ቆይታ ገባች። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ከበር ውጭ ያለው ሰልፍ ከዓይኑ ሥር ተጽፎበታል።

«እንቅልፍ?»

«ደህና ነው።»

«ምግብ?»

«ደህና።»

«ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ?»

«የለም።»

«በጣም ጥሩ።» መጻፍ ጀመረ።

«ዶክተር፣ ማንበብ አቃተኝ።»

«ይለመዳል» አለ፣ ብዕሩን ሳያነሣ።

«መቼ?»

«ቀስ እያለ።» ወረቀቱን ሰጣት። በሩ ተከፈተ፤ የሚቀጥለው ሰው ገባ።

መንገድ ሙሉ እየተንገበገበች ሄደች። ይለመዳል! ማን ነው የሚለምደው? እኔ ነኝ ድንዝዝነቱን የምለምደው ወይስ እሱ ነው እኔን ለምዶ ቤቱን የሚሠራብኝ? ሐኪሙ ዘንድ ከቆየችባት ሦስት ደቂቃ ሁለቱን ደህና ነኝ በማለት ማጥፋቷ ደግሞ ከሁሉ በላይ አናደዳት።

የተግባር ፈተናው አምስት ሳምንት ሲቀረው ወንድሟ ራት ላይ ነገሩን አነሣው። «እኔን ብትጠይቂኝ ያደነዘዘሽ ይሄ ኪኒን ነው። ድነሻል አይደል? የዳነ ሰው መድኃኒት ምን ያደርግለታል?»

እናቷ፣ «ሐኪሙ ተዪ ሳይላት?» አለች።

«ሐኪሙማ ይለመዳል ነው የሚለው።»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። ሚዛን በማግስቱ ኪኒኑን እናቷ የማትጠቀምባቸው ቁልፎች ያሉበት መሳቢያ ውስጥ ከተተችውና ተወችው።

በሦስተኛው ቀን አራት ገጽ አነበበች። ገጽ አሥራ ሰባትን አልፋ ሃያ አንድ ደረሰች! ወንድሟ፣ «አላልኩም?» ብሎ እጁን አጨበጨበ። በአምስተኛው ቀን ግን ራሷን ወደ ጎን ባዞረች ቁጥር ጭንቅላቷ ውስጥ የተላጠ ሽቦ እንደተነካካ ብልጭ ይል ጀመር። ደረጃ ስትወርድ ምድር ትከዳታለች። እንቅልፏ ተረበሸ። ንዴት ደግሞ መጣባት፤ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ፣ እንደ ቆሻሻ ውሃ ድንገት ገንፍሎ የሚወጣ ንዴት። በስምንተኛው ቀን እናቷ አንድ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ልትጨርስ ስትጣደፍ፣ ልጅቷ ከውስጥ ሆና፣ «ይሄንን መኪና አንዴ እንኳ ዝም ማሰኘት አትችዪም?» ብላ ጮኸችባት።

ሁለት ልጅ ያሳደገ መኪና ነው። እናቷ አቆመችው፤ በጨርቁ ሸፈነችው፤ ዩኒፎርሙን ይዛ በእጇ ለመስፋት ወደ ደጅ ወጣች። ሚዛን በመስኮቱ በኩል ጎንበስ ያለውን ጀርባዋን እያየች አለቀሰች፤ ለቅሶው ደግሞ ያ የድሮው፣ ማቆሚያ የሌለው ለቅሶ ነበር። ከድጡ ወደ ማጡ ገብታለች።

በማግስቱ ትምህርቱ በአንድ ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ነበር። ናሙናዎቹ የእውነተኛ ሕመምተኞች ናቸው፤ ተማሪዎቹ ይቆጥራሉ፤ ውጤቱ ከመውጣቱ በፊት እመት ጠብታ አንድ በአንድ ያጣራሉ። ሚዛን እንደምንም ታግላ አንዱን ስላይድ ጨረሰችና ውጤቱን መዝገቡ ላይ ጻፈች። መምህርቷ ስላይዱን አነሡ፤ መዝገቡን አዩ፤ ስላይዱን እንደገና አዩ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ የማን ነው?»

«የአሥራ ስድስት ቁጥር ነው።»

«ጫፉ ላይ በእርሳስ የተጻፈውን አንብቢልኝ።»

ሚዛን ወደ ብርሃኑ አስጠጋችው። ስልሳ አንድ ይላል።

«አየሽ?» ድምፃቸው ኮሪደሩን አቋረጠ። «ይሄ ቁጥር አይደለም፤ ሰው ነው! አንዱ ለሌለበት በሽታ መድኃኒት ሊውጥ ነው፤ ሌላው በሽታውን ታቅፎ ቤቱ ሊገባ ነው! እኔ ባላየው ኖሮስ?»

ሚዛን ሌላ ጊዜ ቢሆን ይቅርታ ትጠይቅ ነበር። ያን ቀን ግን ጓንቷን ከእጇ መንጭቃ አወጣችና፣ «እኔስ ምን ላድርግ!» አለች። «ጭንቅላቴ አልሠራ አለ! መድኃኒቱን ስውጥ ጥጥ ይሆናል፤ ስተወው እሳት ይሆናል! ንገሩኛ፣ አውልቄ ልጣለው?»

እመት ጠብታ በክርኗ ይዘው የቀለምና የኬሚካል ጠርሙሶች ወደሚቀመጡበት ትንሽ ክፍል ወሰዷትና በሩን ዘጉ። አንድ የተገለበጠ ሣጥን በእግራቸው ገፉላት።

«ተቀመጪ። የምን መድኃኒት ነው?»

«የድብርት።»

«ተዪው ያለሽ ማነው?»

«ራሴ ነኝ። ወንድሜም ነው።»

«ወንድምሽ ሐኪም ነው?»

«አይ፣ መኪና መንዳት ያስተምራል።»

መምህርቷ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አነሡ። «እናትሽስ?»

«ልብስ ሰፊ ናት።»

«እንግዲያው ጎማዬ ሲተነፍስ ወደ እሷ ነው የምልከው፤ ትጥፍልኛለች።»

ሚዛን ንፍጧና እንባዋ እንደተደባለቀ በሳቅ ፈነዳች። መምህርቷ አልሳቁም። ከኪሳቸው ለስላሳ ወረቀት አውጥተው ሰጧት።

«ስሚኝ። እኔ ደም ነው የማውቀው፤ የአእምሮ ሐኪም አይደለሁም። ለሐኪሙ ምን ብለሽ ነገርሽው?»

«ማንበብ አቃተኝ አልኩት።»

«ይሄ ምን ይባላል? እኔ ጋ እንዲህ ያለ የምርመራ መጠየቂያ ቢመጣ ለላከው ሰው እመልሰዋለሁ። ስንት ገጽ ነው የምታነቢው? በስንት ሰዓት ነው የሚብስብሽ? ኪኒኑን ከመዋጥሽ በፊት ነው፣ በኋላ? ጻፊው። ነገ ይዘሽ ሂጂ። እሱን ሳታዪ ደግሞ እዚህ እንዳትመጪ፤ አላስገባሽም።»

«የፈተናው ጊዜ እኮ ደርሷል!»

«ሕመምተኞቹም ደርሰዋል።»

ተናዳ ወጣች፤ ግን ቤቷ ገብታ ጻፈች። ከኪኒኑ በፊት፣ ከኪኒኑ ጋር፣ ካቆመች በኋላ። ያስታወሰችውን ሰዓት ሁሉ፣ ያነበበችውን ገጽ ሁሉ። ያልተረጋገጠውን «እርግጠኛ አይደለሁም» አለችው። አንዲት ገጽ ለመጻፍ ከምሳ እስከ ማታ ፈጀባት።

በማግስቱ እናቷ አብራት ሄደች፤ ወደ ሐኪሙ ክፍልም ቀድማ የገባችው እናቷ ናት። ሐኪሙ ወረቀቱን ከላይ ጀምሮ አነበበ። መሃል ላይ ብዕሩን አስቀመጠ።

«በአንድ ጊዜ ነው ያቆምሽው?»

«አዎ።»

«ይሄ ጭንቅላቴ ውስጥ ብልጭ ይላል ያልሽው፣ ማዞሩ፣ ቁጣው፣ ከድንገት ማቆሙ የመጣ ነው። ዳግመኛ ሳትነግሪኝ እንዳታደርጊው።»

እናቷ ጣልቃ ገባች። «ስትነግርዎትማ ይለመዳል ነው ያሏት።»

ሐኪሙ ጆሮው ቀላ። «እውነትዎን ነው» አለ። «ያን ዕለት መጠየቅ ነበረብኝ።» ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረ። «ኪኒኑን የምትወስጂው ስንት ሰዓት ነበር?»

«ጠዋት፣ ቁርስ ላይ።»

«የሚብስብሽስ?»

«ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት።»

«ላብራቶሪው መቼ ነው?»

«ከሦስት ተኩል እስከ ስድስት።»

ሐኪሙም ልጅቷም እናትየውም ወረቀቱን አዩት። ትምህርቱን እንደገና ከጀመረች አራት ወር ሙሉ፣ ማንም ሰው አንዲት ጥያቄ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ! ሚዛን ልትጮህ ቃጥቷት ተወችው።

ሐኪሙ መድኃኒቱ አንዳንድ ሰው ላይ እንቅልፍ እንቅልፍ እንደሚያሰኝ ነገራት፤ ከትንሽ መጠን ጀምራ ማታ ከራት በኋላ እንድትወስደው አዘዘ። «ግን ሁሉም ከመድኃኒቱ ነው ማለት አይደለም። ድብርቱም ራሱ ቀልብ ይወስዳል። ሲሄድ እንባውን ቀድሞ ይዞ ይሄዳል፤ ቀልብሽን የሚመልሰው መጨረሻ ላይ ነው።»

«ባይመልስስ?»

«ሌላ መድኃኒት እንሞክራለን። አንድ በአንድ ነው ታዲያ። ሁሉንም በአንዴ ከነካካን የትኛው እንደረዳሽ አናውቅም።»

ይሄ አነጋገሩ ገባት። መርፌው ሳይቆም ስኳሩ አይነሣም እንደማለት ነው።

ተአምር የጠበቀ ካለ አልሆነም። ብልጭታው በሳምንት ውስጥ ጠፋ፤ ጠዋት ጠዋት የሚጫናት ጥጥም ሳሳ፤ ሳሳ እንጂ አልለቀቀም። ስለዚህ በቀረው ቀልቧ መኖርን ተማረች፤ እየተራገመችም ቢሆን። ሩብ ሰዓት ታነባለች፤ ትነሣለች፤ ግቢውን ዞራ ትመጣለች። ቁጭ ብላ ማንበብ ሲያቅታት ቆማ፣ ጮክ ብላ፣ ለእናቷ ታነባለች። እናቷ ልብስ እየሰፋች፣ «ቆይ ቆይ፣ ያ ባለፈው ያልሽው አለርጂ ሲኖር የሚበዛው የቱ ነበር?» ትላለች። ልጅቷ ትረሳዋለች። እናቷ፣ «ያ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ያለው አይደለም እንዴ?» ትላታለች። ከሦስት ሳምንት በኋላ እናትየው አምስቱንም ዓይነት ሴል በቃሏ ታውቅ ነበር፤ ልጅቷ አራቱን። ይህም በራሱ ሌላ ንዴት ነው።

መቁጠሪያዋንም ተወቻት። ወረቀት ላይ አሥር ሣጥን አሰመረች፤ አሥር ሴል ቆጥራ አንዱን ሣጥን ትሞላለች። ጭርታው ሲመጣ የሚጠፋባት አሥር ሴል ብቻ ነው፤ ዘጠናው ወረቀቱ ላይ ታስሯል። እመት ጠብታ በትከሻዋ በኩል አዩና፣ «አያትሽ በዚህ ፍጥነት ይቆጥሩ ነበር» ብለው አለፉ። ከልክለዋት ግን አያውቁም።

ወንድሟ ይቅርታ መጠየቅ አይችልበትም። አንድ ማታ መጥቶ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና፣ «ዛሬ አንዲት ተማሪዬ ደንግጣ መንገድ መሃል ቆመችብኝ» አለ። «ልብ በዪ ልል ነበር። ተውኩት። ሞተሩን አጥፍቼ፣ እስክትረጋጊ እንቆያለን አልኳት።»

«ከኋላ ያሉት አልጮሁባችሁም?»

«ጮሁብን እንጂ። ወርጄ እኔም ጮህኩባቸው።»

ከዚያ ወዲህ ስለ ኪኒኑ ክፉ አልተናገረም። እንዲያውም ማታ ማታ፣ «ዋጥሽ?» እያለ መጠየቅ ጀመረ፤ በአንድ ማታ ሦስት ጊዜ ስለሚጠይቅ እሱም በተራው አሰለቻት።

ሐኪሙ በፈተና ተጨማሪ ጊዜ ይሰጣት የሚል ደብዳቤ ጽፎላት ስለነበር ወደ ሬጅስትራር ወሰደችው። መስኮቱ ጋ ያለችው ጸሐፊ ማህተሙ ደብዝዟል ብላ መለሰቻት። በሁለተኛው ቀን ማህተሙ ደመቀ፤ ቀኑ ግን አልፎበታል ተባለ። በሦስተኛው ቀን ጸሐፊዋ ደብዳቤውን ገና ሳትገልጠው፣ ከኋላ አሥራ አምስት ሰው ተሰልፎ እየሰማ፣ «ምንሽን ነው የሚያምሽ?» አለች።

ሚዛን ድሮ ቢሆን አንገቷን ትደፋ ነበር። ግን ሦስት ቀን ተሰልፋለች። «ድብርት ነው» አለች፣ ሰልፉ ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ። «ሁለተኛው መስመር ላይ ተጽፏል። ማንበብ ካቃተሽ አይዞሽ፣ እኔንም ያቅተኛል፤ አብረን እናነበዋለን።»

ከሰልፉ አንድ ሰው ሳቀ። ጸሐፊዋ ፊቷ ተለዋውጦ ማህተሙን አነሣችና መታችው። ለተግባር ፈተናው ሠላሳ ደቂቃ ተጨመረላት። ለጽሑፍ ፈተናው ግን ምንም። «ደንቡ ስለ ተግባር ነው የሚያወራው» ተባለች። ደንቡን የጻፈው ሰው በጽሑፍ ጊዜ ጭንቅላት ቤት ተትቶ የሚመጣ መስሎት ይሆን እንጃ።

የተግባር ፈተናው ቀን ከአሥሩ ሣጥን ሦስቱን ሁለት ሁለት ጊዜ ቆጠረቻቸው። ሌሎቹ ሁሉ ወጥተው ክፍሉ ባዶ ሲሆን እሷና እመት ጠብታ ብቻ ቀሩ፤ መምህርቷ ጀርባቸውን ሰጥተው ያለ አስፈላጊነት ጠርሙስ ይወለውላሉ። አራት ደቂቃ ሲቀር አሥረኛውን ሞላች። ውጤቷ ከመምህርቷ ቆጠራ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ሁለት ሴል ነበር። በዚያ ዓመት ከነበረው ተማሪ ሁሉ ቅርቡ እሱ ነው።

የጽሑፉን ወደቀች። በሦስት ነጥብ። የመጨረሻውን አንድ ገጽ ጥያቄ ጭራሽ ሳትደርስበት ደወል ተደወለ። ውጤቱ የተለጠፈ ዕለት ቤት ገብታ ቦርሳዋን ወረወረች፣ የወረወረችውን አነሣች፣ እንደገና ወረወረችው። እናቷና ወንድሟ እየፈሩ አዩዋት፤ ተመልሳ ፊቷን ወደ ግድግዳው የምታዞር መስሏቸው ነበር። እሷ ግን ራት በላች፤ እየተነጫነጨች፣ ደንቡን እየረገመች፣ ሁለት ሳህን በላች። ከራት በኋላ ኪኒኗን ዋጠችና ተኛች።

ከሁለት ወር በኋላ የጽሑፉን ደግማ ተፈተነች፤ በዚህኛው እመት ጠብታ ራሳቸው ሬጅስትራር ድረስ ሄደው፣ ምን ብለው እንደሆነ ባይታወቅም፣ ሃያ ደቂቃ አስጨምረውላት ነበር። አለፈች። በጥሩ ውጤት ነው ማለት አይቻልም፤ አለፈች ማለት ግን ይቻላል።

ኪኒኑን ሌላ አንድ ዓመት ተኩል ወሰደች። ከዚያ ሐኪሙና እሷ ተመካክረው በየወሩ ጥቂት ጥቂት እየቀነሱ፣ ስምንት ወር ፈጅተው አቆሙት። በዚህ መካከል አንድ ጊዜ ቸኩለው ቀንሰው ተመልሰው ጨምረዋል። ቀልቧ አንድ ቀን ድንገት ከተፍ አላለም። ደህና ወር አለ፤ ክፉ ሳምንት አለ። እንደ ድሮው ፈጣን አንባቢ አልሆነችም፤ ምናልባትም አትሆንም፤ ይህንን ስታስበው ዛሬም ያናድዳታል።

አሁን የምትሠራው ከቤቷ ስድስት ፌርማታ ርቆ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ነው። ባለፈው ሳምንት አውቶብስ ውስጥ ቆማ ስትሄድ ያ ጭርታ መጣባትና መውረጃዋን ሁለት ፌርማታ አልፋ ነቃች። «ወይ ጣጣ!» አለች፣ ጮክ ብላ። አጠገቧ የቆመች ሴት ደንግጣ ቦርሳዋን ጨበጠች። ወረደች፤ አውቶብሱንም ራሷንም እየሰደበች በእግሯ ተመለሰች። አሥራ ሁለት ደቂቃ አርፍዳ ደረሰች። በሩ ላይ አምስት ሰው ይጠብቃል። እጇን ታጠበች፤ ጋዋኗን ለበሰች፤ የመጀመሪያውን ስላይድ ቁጥር ሁለት ጊዜ አንብባ ማይክሮስኮፑ ሥር አስገባችው።